የጎጃምን ደጋ ብርድ በምን እናሙቀው? ፔሌት፣ ፍልፍል በቆሎና ቆረቆንዳ በወጪና በአያያዝ ሲመዘኑ

በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራ ወይም በጮቄ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ውርጭ፣ ከዚያም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን እርጥብ ብርድ በምን እንደሚያሳልፍ በየዓመቱ ማሰቡ አይቀርም። የብዙው ቤት መልስ የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ኩበት ወይም ከአዊ የሚመጣ የዲከረንስ (የግራር ዝርያ የሆነ ዛፍ) ከሰል ነው። እኔ በደብረ ማርቆስ ዳር ጫጩት ስለማሳድግና ለጫጩቶቹም ለራሴም ቤት ከእነዚህ ውጭ ያሉ ማገዶዎችን ስለሞከርሁ፣ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይቀርቡልኛል፤ አንደኛው ፔሌት የሚባለው የተጨመቀ ማገዶ ያዋጣል ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከቡሬ እስከ መርዓዊ በቆሎ እንደ ልብ በሚታፈስበት አገር በቆሎውን ራሱን ማንደድ አይረክስም ወይ የሚል ነው።

ፔሌት ማለት ሰጋቱራ ወይም ሌላ ደረቅ የእፅዋት ተረፈ ምርት ደቅቆ፣ በቀዳዳ ብረት ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ሲያልፍ የሚወጣ፣ ውፍረቱ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር የሆነና ርዝመቱ ከጣት አንጓ እምብዛም የማይበልጥ ማገዶ ነው። ጥሩ የእንጨት ፔሌት ሙጫ አያስፈልገውም፤ ግፊቱ በሚፈጥረው ሙቀት በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ለስልሶ ራሱ ያጣብቀዋል። ፔሌትንም ፍልፍል በቆሎንም አንድ ምድጃ ሊያነድዳቸው ይችላል፤ ሁለቱም እንደ ፍሬ የሚፈስሱ በመሆናቸው በኤሌክትሪክ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ከማገዶው ሣጥን እየቆነጠረ ወደ እሳቱ ያደርሳቸዋል። የእኔ ምድጃ እንዲህ ያለ ነው፤ አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያገለገለ ገዝቶ የላከልኝ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምድጃ የተለመደበት የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የበቆሎ አገር ነው። እዚያ አንድ ቡሼል፣ ማለትም 25.4 ኪሎ ግራም በቆሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በ2 ዶላር ገደማ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ገበሬው በቆሎውን ለገበያ ከማውጣት ይልቅ ቤቱን ቢያሞቅበት ያተርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ ዋጋው ከ7 ዶላር ሲያልፍ ያ ስሌት ፈረሰ። ምድጃው ያው ነው፣ በቆሎውም ያው ነው፤ የተለወጠው የሁለቱ ማገዶዎች የዋጋ ልዩነት ብቻ ነበር። ስለዚህ «የትኛው ይረክሳል?» ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ የማገዶ ስም ሳይሆን የአሰላል መንገድ ነው።

ሙቀት በስንት ብር?

የኩንታል ዋጋን ከኩንታል ዋጋ ጋር ማስተያየት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ከአንድ ኩንታል የሚወጣው ሙቀት እንደ ማገዶው ዓይነትና በተለይም እንደ እርጥበቱ ይለያያልና። የሙቀት መለኪያው ሜጋ ጁል ሲሆን፣ 3.6 ሜጋ ጁል የመብራት ቆጣሪ ከሚቆጥረው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ጋር እኩል ነው። ደረቅ የእንጨት ፔሌት በኪሎ 17 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። እርጥበቱ ከ14 እስከ 15 በመቶ የሆነ ፍልፍል በቆሎ ወደ 15፣ ፀሐይ በደንብ የመታው ቆረቆንዳ (በቆሎው ተፈልፍሎ የሚቀረው) ወደ 15.5፣ ተፈልጦ ከበጋ በጋ የከረመ ባሕር ዛፍም 15 ገደማ ነው። ያው ባሕር ዛፍ ትናንት ተቆርጦ ዛሬ ቢነድ ግን ጉልበቱ ውኃውን ለማትነን ስለሚያልቅ 8 ወይም 9 ብቻ ይሰጣል፤ በርጥቡ በርካሽ ገዛሁ የሚል ሰው ግማሹን የከፈለው ለውኃ ነው። ኩበት 12 ገደማ ሲሆን ከሰል እስከ 28 ይደርሳል፤ ነገር ግን በአፈር በተዳፈነ ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ እንጨት ስለሚጠፋ፣ የከሰሉ ብርታት ቀድሞ በጫካው ተከፍሎበታል።

አሰላሉ እንዲህ ነው። የአንዱን ኩንታል ዋጋ በኪሎ በሚሰጠው ሜጋ ጁል መቶ እጥፍ ያካፍሉት፤ የሚያገኙት የአንድ ሜጋ ጁል ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በቆሎ በኩንታል 3000 ብር ነው ብንል፣ 3000 ለ1500 ሲካፈል አንድ ሜጋ ጁል 2 ብር ያወጣል። በዚሁ ሒሳብ 1700 ሜጋ ጁል የሚሰጥ አንድ ኩንታል ፔሌት እስከ 3400 ብር ቢሸጥ ከበቆሎው ጋር እኩል ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በታች ካገኙት ፔሌቱ ይሻላል። ቁጥሩን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይለውጡት፤ ንጽጽሩ አይለወጥም፦ በሙቀት ብቻ ሲታይ ፔሌት ከፍልፍል በቆሎ እስከ 13 በመቶ ቢወደድ እንኳ አያከስርም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይዘነጋል። የመጀመሪያው ማጓጓዣ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋብሪካ በር ላይ የሰሙት የፔሌት ዋጋ የጭነት መኪና ኪራይ፣ የጫኝና የአውራጅ ሒሳብ ሲጨመርበት ሌላ ዋጋ ነው። በጥቂት ከረጢት የሚገዛ ሰው አንድ ጊዜ ተስማምቶ ከጎረቤት ጋር ሙሉ ጭነት ከሚያስመጣው ይልቅ ሁልጊዜ ይጎዳል። ሁለተኛው የገበሬው ሒሳብ ነው። «በቆሎው የጎተራዬ ነው፣ ገንዘብ አላወጣሁበትም» የሚለው አነጋገር ስሌት አይደለም፤ ያነደዱት በቆሎ ዋጋው ገበያ ወስደው ቢሸጡት የሚያገኙት ገንዘብ፣ የማመላለሻው ተቀንሶ፣ ነው።

አሁን ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንመልከት። አራት በአራት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል፣ ኮርኒስ ካላት፣ በደብረ ማርቆስ ምሽት 2 ኪሎ ዋት ሙቀት ይበቃታል እንበል። ለአራት ሰዓት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ጥሩ አውቶማቲክ ምድጃ ከማገዶው ሙቀት 75 በመቶ ያህሉን ለቤት ይሰጣልና፣ ለምሽቱ 2.3 ኪሎ ፔሌት ወይም 2.6 ኪሎ በቆሎ ይበላል። በወር 68 ኪሎ ፔሌት ወይም 77 ኪሎ በቆሎ መሆኑ ነው። አንድ አዋቂ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበላል ቢባል፣ ያቺ አንዲት ክፍል በምሽት አራት ሰዓት ብቻ ነድዳ የአምስት ሰው የወር ቀለብ ትጨርሳለች።

በመጀመሪያው ዓመት በቆሎውን በምሞክርበት ምሽት አክስቴ መጥታ ነበር። ምንም አልተናገረችም። ወደ ሣጥኑ ስገለብጥ ከምድጃው ሥር የፈሰሰውን ፍሬ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቅማ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ሄደች። እህል ማንደድ ነውር ነው የሚለውን የአገር ወግ ማስረዳት ለጎጃም ሰው ስለማያስፈልግ እዚህ አላነሣውም፤ ነገር ግን ወጉን ትተን ሒሳቡን ብቻ ብንይዝ እንኳ ከዚያው እንደምንደርስ ከላይ ያለው ስሌት ያሳያል።

ፔሌትም ቆረቆንዳም ከመግዛትዎ በፊት ግን ወደ ላይ ይመልከቱ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትን እንደ ወንፊት ያሳልፋል፤ ለማገዶ የሚያወጡትን የአንድ ወር ገንዘብ መጀመሪያ ለኮርኒስ፣ ለበርና ለመስኮት ክፍተት ቢያውሉት በየዓመቱ ይከፍልዎታል። የትኛውም ምድጃ ይህን አይተካም።

ፍልፍል በቆሎ በእሳት ላይ

የበቆሎ ፍሬ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ፔሌት በማቀጣጠያው ሙቀት በጥቂት ደቂቃ ሲነድ፣ በቆሎው ያራል፣ ይፈነዳል፣ ያጨሳል፤ ስለዚህ እሳቱ በአንድ እፍኝ ፔሌት ወይም በደቃቅ ጭራሮ ተለኩሶ ፍም ከያዘ በኋላ ነው በቆሎው የሚከተለው። ዋናው ችግር ግን አመዱ ነው። ጥሩ የእንጨት ፔሌት የሚተወው አመድ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን በቆሎ ከ1 በመቶ በላይ ይተዋል፤ ከመጠኑም ይልቅ ጠባዩ ይከፋል። በቆሎ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስለሚበዛበት አመዱ በአነስተኛ ሙቀት ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠርሙስ የጠነከረ ጓል ይሆናል። በማንደጃው ጽዋ ሥር ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በዚህ ጓል ሲደፈኑ እሳቱ አየር አጥቶ ይቀላል፣ መስተዋቱ ይጠቁራል፣ ጥቂት ቆይቶም ያልነደደ ፍሬ ጽዋውን ሞልቶ ይፈስሳል። እኔ ጠዋት ጠዋት ጓሉን በመሮ እፈለፍለው ነበር፤ አንድ ጊዜም አብሬ ጽዋውን ሰነጠቅሁት።

ለበቆሎ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ይህን ለመከላከል በጽዋው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዞር ማማሰያ አለው። ምድጃዎ ማማሰያ ከሌለው በቆሎ ብቻውን አይጨምሩበት። ግማሽ በግማሽ ከፔሌት ጋር መቀላቀል ጓሉን በብዙ ይቀንሰዋል። እርጥበቱም ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ጥሩ ዘዴ አለ፦ ፍጹም ደረቅ በሆነ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን ያህል በቆሎ፣ ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ ጨው ጨምረው ለአንድ ደቂቃ ይነቅንቁትና ጥቂት ያቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ነው። ይህ ሙከራ እህል ለማከማቸትም ይሠራል።

የበቆሎ ጭስ እንፋሎትና አሲድነት ስላለው ቱቦን ይበላል። እኛ ዘንድ የጭስ ማውጫው አብዛኛውን ጊዜ ከቆርቆሮ ወይም ከስስ ላሜራ ተጠቅልሎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ክረምቱን ሙሉ ጥቀርሻው ሳይጠረግ ከቆየ በሚቀጥለው ዓመት መጋጠሚያው ተወንፍቶ ይገኛል። ከዚህም ሌላ የተከማቸ በቆሎ ነቀዝና አይጥ ይጠራል፤ ፔሌት ግን ማንም አይበላውም።

ታዲያ በቆሎ የሚነድበት ጊዜ የለም ማለት ነው? አንድ አለ። ሻግቶ ለሰውም ለከብትም የማይሆን፣ በተለይ በዝናብ ተመትቶ የጠቆረ በቆሎ ሻጋታው መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ ለጠላ ወይም ለአረቄ ከሚውል ደርቆ ቢነድ ይሻላል፤ ሲያገላብጡትም አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ተባይ ማጥፊያ የተቀባ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ምርጥ ዘር ግን የቱንም ያህል ዓመቱ ቢያልፍበት ቤት ውስጥ አይነድም። የነቀዝ ክኒን የተደረገበትን በቆሎ በተመለከተ ከእሳቱም ይልቅ ማስቀመጫው ያሳስበኛል፤ ክኒኑ የሚያወጣው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ሰው ስለሚገድል፣ «ለማገዶ ነው» ብለው ክኒን ያለበትን ማዳበሪያ ከመኝታ ክፍል አጠገብ ፈጽሞ አያስቀምጡ።

ከፍሬው የተረፈው

እኔ አሁን ለመኖሪያ ቤቴ የማነድደው ፍሬው ተፈልፍሎ የሚቀረውን ቆረቆንዳ ነው። አንድ ኩንታል ፍልፍል በቆሎ ሲወጣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቆረቆንዳ ይተርፋል። ከአንድ ሄክታር 40 ኩንታል የሚያገኝ ገበሬ እንግዲህ ከ6 እስከ 8 ኩንታል ቆረቆንዳ አለው። ሰባት ኩንታል ቢሆንለት በሙቀት ረገድ ከ6 ኩንታል በላይ ፔሌት በእጁ አለ ማለት ነው። በያጅ በሠራው ተራ የብረት ምድጃ ከሙቀቱ ግማሹ ብቻ ለቤት ይተርፋል ብለን ብንቀንስ እንኳ፣ ከላይ ላየናት ክፍል በምሽት 3.7 ኪሎ ስለሚበቃት ሰባቱ ኩንታል ስድስት ወር ይደርሳሉ። ከዚህ ላይ መቀነስ ያለበት የምጣዱ ድርሻ ነው፤ ቆረቆንዳው እስካሁን እንጀራ ይጋገርበት ከነበረ፣ ወደ ማሞቂያ ሲዞር ለምጣዱ ሌላ ማገዶ መገዛቱ ስለማይቀር ነጻ ማገዶ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ለእንጀራው «ምርጥ» የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ያለው ቤት ግን ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ግማሽ ያህል ማገዶ ስለሚያተርፍ ለሁለቱም ሊበቃው ይችላል።

የቆረቆንዳ ጉድለት ግዝፈቱ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ፔሌት 13 ኪሎ ገደማ ሲይዝ፣ ያው ባልዲ ቆረቆንዳ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ብቻ ይይዛል። ሰባት ኩንታሉ አራት ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚስተካከለው ፔሌት አንድ ሜትር ኩብ ይበቃዋል። ለገጠር ቤት ይህ ምንም አይደለም፤ በከተማ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ግን ከዋጋው ይልቅ ይህ ይወስንበታል። በዚህም ምክንያት ቆረቆንዳን ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ጭኖ ሩቅ መውሰድ አያዋጣም፤ መኪናው የሚጭነው አየር ነው።

አያያዙ ከባድ አይደለም። በጥር እንደተፈለፈለ መሬት ላይ ሳይቆለል በአጣና ርብራብ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱት፤ ከሚያዝያ በፊት በጣሪያ ሥር ይግባ። መድረቁን ለማወቅ አምስት ኪሎ መዝነው ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጡትና እንደገና ይመዝኑ፤ ክብደቱ ከ100 ግራም በላይ ካልቀነሰ ደርቋል። ከቆረቆንዳው ጋር የተቀላቀለውን የበቆሎውን መሸፈኛ ቅጠል ለይተው ለከብት ይስጡ፤ በእሳት ውስጥ ብልጭታ ከመርጨት በቀር የሚረባው የለም። አገዳውም ቢሆን አመዱ ብዙ ስለሆነ ለማሞቂያ አልመክረውም።

ቆረቆንዳ እንደ ጭድ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ፍሙም አይከርምም፤ በየሩብ ሰዓቱ እየተነሡ መጨመር ያሰለቻል። ይህን ያቀለለልኝ ከላይ መለኮስ ነው። በያጅ ከግማሽ በርሜል የሠራልኝ ምድጃ ከሥሩ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር በር፣ ከላይኛው ከንፈሩ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን የተበሱ ቀዳዳዎች፣ ከዚያም ክዳንና የጭስ ቱቦ አለው። ሦስት አራተኛውን በቆረቆንዳ ሞልተው በላዩ ላይ ደረቅ ጭራሮ ያድርጉና ከላይ ይለኩሱት። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚወጣው ጭስ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ራሱ ይነድዳል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ እሳቱም ሳይነካ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ነበልባሉ ሲያልቅ የሚቀረው ከሰል ነው። ያን ጊዜ የታችኛውን አየር መቀነስ ይቻላል፣ ቱቦውን መክደን ግን አይቻልም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት የሚወጣው ጭሱ ሲጠፋና ሁሉም ነገር ሰላም ሲመስል ነው። በተዘጋ ክፍል የከሰል ማንደጃ ይዘው ያደሩ ቤተሰቦችን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በደጋው አገር ጥቂት ነው።

ቱቦው ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ በግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። ነጠላ ላሜራ የሆነ ቱቦ ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። እኛ አገር ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከረጢቱን ለቱቦው ልክ ቀድዶ ማሳለፍ ቤትን ማቃጠል ነው። ቱቦው በሚያልፍበት ቦታ ሰፊ አራት ማዕዘን ከረጢቱን ቆርጠው ያውጡና ክፍተቱን በቆርቆሮ ያስሸፍኑት።

ፔሌት ለማን?

ለጫጩት ቤት ፔሌትን የሚስተካከል አላገኘሁም። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ በየሳምንቱም 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። በቆረቆንዳ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ለመጠበቅ ሰው መንቃት አለበት፤ ፔሌት ግን መጠኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ምድጃው የታዘዘውን ሙቀት ይዞ ያድራል። ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለክሊኒክ ወይም አረጋዊ ለሚጦርበት ቤትም እንዲሁ ነው። የሚገዙት እሳቱን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍዎንም ነው፤ ይህንንም በዋጋው ውስጥ መቁጠር ተገቢ ነው።

ሲገዙ ከረጢቱን ከሥር ይዳስሱ። ዱቄት ከተጠራቀመ ፔሌቱ ተሰባብሯል፤ ዱቄቱም ጠመዝማዛውን ብረት ያንቃል። ጥቂት ፍሬዎች በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጣሉ፤ በደንብ የተጨመቀ ፔሌት ይሰምጣል፣ ጥቂት ቆይቶም አብጦ ወደ ሰጋቱራ ይመለሳል። የሚንሳፈፍ ከሆነ አልተጨመቀም፤ ብዙ ቆይቶም የማይፈርስ ከሆነ ሙጫ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ይጠርጥሩ። ይኸው ሙከራ እርጥበት የፔሌት ጠላት መሆኑንም ያሳያል፤ በሐምሌ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ አንድ ከረጢት ካረጠበ ከረጢቱ ሰጋቱራ ሆኗል። ከግድግዳ አርቀው፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርድሩት። ከጣውላ ፋቂ ቤት ሰጋቱራ ለምኖ በአነስተኛ መጭመቂያ ራሱ ሊሠራ የሚያስብ ሰውም ሰጋቱራው ከመጨመቁ በፊት ከ10 እስከ 15 በመቶ እርጥበት እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ከዚያ ከረጠበ ይፈርሳል፣ ከዚያ ከደረቀ አይጣበቅም። ቀለም የተቀባ ወይም ሙጫ የበዛበት የቺፕውድ ብናኝ አይግባበት።

ምድጃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በ110 ቮልት ይሠራልና ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አያስተካክልም፤ በ60 ኸርዝ እንዲዞር የተሠራ የመጋቢ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ስድስተኛ እጁን ያህል ይዘገያል፣ ማራገቢያውም ይደክማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ምድጃውን እንደመጣ ቢያነድዱት ነበልባሉ ቀይና ጭሳም የሚሆነው በዚህ ነው። የማገዶውን መጠን አንድ ደረጃ ዝቅ፣ ማራገቢያውን አንድ ደረጃ ከፍ እያደረጉ፣ ነበልባሉ አጭር፣ ቢጫና ንቁ እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉት። በቆሎ ከፔሌት የበለጠ አየር ስለሚፈልግ በዚህ ከፍታ ላይ ይብስበታል።

መብራት መጥፋት የፔሌት ምድጃ ዋና ድክመት ነው። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ማራገቢያው ቆመ፣ በጽዋው ያለው ማገዶ ሽቅብ የሚስበው አጥቶ ጭሱ ወደ ጫጩት ቤቱ ተመለሰ። ስነቃ ንጋት ላይ ነበር፤ ጫጩቶቹ በአንድ ጥግ ተደራርበው ከሥር ያሉት ታፍነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። የመጀመሪያው ቱቦውን ከምድጃው ጀርባ አግድም ከማውጣት ይልቅ ሽቅብ እስከ አራት ሜትር ማስረዘም ነው፤ እንዲህ ሲሆን ማራገቢያው ቢቆምም ጭሱ በራሱ ይወጣል። ሁለተኛው ኢንቨርተርና ባትሪ ነው። ምድጃው ሲቀጣጠል ለጥቂት ደቂቃ ከ300 እስከ 400 ዋት ቢስብም፣ ከነደደ በኋላ ወደ 100 ዋት ስለሚበቃው፣ ባለ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ደኅና ባትሪ ከግማሹ በላይ ሳይሟጠጥ አምስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። የባትሪውንና የኢንቨርተሩን ዋጋ በፔሌቱ ወጪ ላይ ይደምሩት፤ ይህን ሳይጨምሩ ከቆረቆንዳ ጋር ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባል። ኢንቨርተር መግዛት የማይችል ሰው በጫጩት ቤቱ ውስጥ ቱቦ ያለው የቆረቆንዳ ምድጃ ተሞልቶ፣ ጭራሮው ተደርጎ፣ ክብሪቱ ከጎኑ ተቀምጦ እንዲያድር ያድርግ።

አመዱን ሲጠርጉ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ባልዲ ያድርጉት እንጂ በፕላስቲክ አይሁን፤ በውስጡ ያለ ፍም እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ የንጹሕ እንጨትና የቆረቆንዳ አመድ አፈሩ አሲዳማ ለሆነባቸው ለአዊና ለምሥራቅ ጎጃም ጓሮዎች ጥሩ ነው፤ ለጎመንና ለሽንኩርት በስሱ ይበትኑት። ድንች ላይ ግን የልጣጭ ቅርፊት በሽታ ስለሚያብስ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ድንች ካሰቡበት መደብ ያርቁት።